ዳማና ቡላ ግድግዳ

«ይህ ቤት የማን ነው?»

የጠየቀችኝ እታለማሁ የምትባል የዳንግላ ሴት ናት። እንስራዋን እንዳዘለች አጥሩ ጥግ ቆማለች። እኔ እስከ ክርኔ ጭቃ ሆኜ፣ የተቦካው ጭቃ ላይ ጭድ እበትናለሁ። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። «የአባቴ» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «የእኛ» ማለት ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን በሩ ላይ የተሰጣው ነጠላ የእናቴ አይደለም፤ ከጓዳ የሚሰማው ሳቅም የእናቴ አይደለም። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ።

«ዲዳ ነሽ እንዴ አንቺ?» አለች እታለማሁ።

እናቴ ውስጥ ግድግዳ ትመርግ ነበር። ጭቃው ቀርከሃው ላይ ጧ፣ ጧ ሲል የነበረው ድምፅ ቀጥ አለ። ሰምታለች ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በእናቴ ሙት ዓመት ላይ አንድ ወንድሜ ከጫግኒ መጥቶ ነበር፤ አባቴ ከሌላ ሴት የወለደው ነው። በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ነፍሷን ይማር፤ የእናቴን ቤት ግን በጭቃ ነው የወሰደችብን» አለ። ሰውም ሳቀ። እንግዳ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ፊደል የቆጠርኩት የሦስት ልጆች እናት ከሆንኩ በኋላ ስለሆነ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ቢሆንም አንዴ ጀምሬዋለሁ።

እኛ የጥርባ ሰዎች ነን፤ ከእንጅባራ እምብዛም አይርቅም። እናቴ ይታይሽ በልስን የታወቀች ነበረች። ሙሽራ የሚገባበት ቤት እሷ ሳትጠራ አይለሰንም። ቀዩን አፈር መንገድ ሲቆረጥ ከተናደው ገደል፣ ነጣ ያለውን አጠገባችን ካለው ሐይቅ ዳር ታመጣለች። በውኃ በጥብጣ በአሮጌ ነጠላ ታጠልለዋለች። ከዚያ በበግ ለምድ ቁራጭ እየነከረች ግድግዳውን ታለብሰዋለች። ቀለሙን የምትጠራው በፈረስ መልክ ነበር፤ በእኛ አገር የፈረስ መልክ የማያውቅ ሰው የለምና። ከወገብ በታች ያለው ግድግዳ «ዳማ» ነው፣ ሞቅ ያለ ቀይ ቡናማ። ከወገብ በላይ ያለው «ቡላ» ነው፣ የደረቀ ገለባ የመሰለ። በሁለቱ መካከል በጣቷ አንድ የአመድ መስመር ታሰምራለች። በክረምት ከዝናብ ሸሽቶ የገባ ሰው እሳት ሳይነድለት ይሞቀዋል።

አባቴ ክንዴ ፈረስ ነጋዴ ነበር። ወገኑ ከዳሞት ነው፤ ጥርባ የመጣው አጎቱ ርስት ስላወረሰው ነው። አገውኛ የሚያውቀው ለገበያ ያህል ብቻ ነበር። በየሳምንቱ ዳንግላ ገበያ ይወርዳል፤ አንዳንዴም እዚያው ይሰነብታል። አንድ ቀን በቅሎውን ሳያራግፍ እናቴን ጠራት።

«ይታይሽ፣ ዳንግላ ቤት ሠርቻለሁ። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ለገበያ ስሄድ ማረፊያ ይሆነኛል፤ እነዚህም ፊደል ይቆጥሩበታል። ያንቺ እጅ ብቻ ነው የጎደለው።»

«ለልጆቹ ካሉማ» አለች እናቴ። አባቴን አንቱ ነበር የምትለው።

ያኑ ቀን አፈር ልትቆፍር ሄደች። አባቴ ለእኔ ደግሞ «ሶፋም ይኖረዋል» አለኝ። ሶፋ የሚበላ ነገር መስሎኝ ታላቅ እህቴን ወርቅአየሁን ጠየቅኋት።

«ወፍራም መቀመጫ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ይሰምጣል» አለችኝ።

«ሰምጦስ በምን ይወጣል?»

«አንቺን ጠርቶ ያስጎትታላ!»

አፈሩን በስልቻ፣ ለሶፋው የሚሆነውን የበግ ጠጉር በጆንያ አድርገን በፈረስ ጭነን ሄድን። ዳንግላ ስንቃረብ አባቴ ፈረሱን ቆም አደረገና «አንዲት የአክስቴ ልጅ አለች፤ ቤቱን ትጠብቅልኛለች» አለ። በሩ ላይ አንዲት ቀይ ወጣት ቆማ ጠበቀችን። ጫማ አድርጋለች። ዘውድነሽ ትባላለች። ጉንጬን ሳመችኝና ከረሜላ ሰጠችኝ። ከረሜላ ከዚያ በፊት ቀምሼ አላውቅም ነበር። ይቺ ዘመዴ ከሆነች ለዘላለም ዳንግላ እኖራለሁ አልኩ በልቤ። እናቴ ግን «እንደምን ነሽ?» ብላ እጇን ጨብጣ ስልቻዋን ልታወርድ ሄደች። ክፉ መሰለችኝ።

እታለማሁ «የማን ነው?» ብላ የጠየቀችኝ በነጋታው ነው።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ወጣች። እጇን በሣር ጠረገች። በአገውኛ ሰላም አለቻት፤ እታለማሁም በአገውኛ መለሰችላት። ከዚያ እናቴ የእኛን እንስራ አነሳችና «በይ ውኃ አሳዪኝ» አለቻት። አብረው ወደ ወንዝ ወረዱ።

ቆዩ። ሲመለሱ የእናቴ ፊት አመድ መስሏል። ፀሐይ መቷት ነው ብዬ በቅል ውኃ ሰጠኋት፤ ይዛው ቆመች እንጂ አልጠጣችም። ወርቅአየሁን ወደ ቤቱ ጀርባ ወሰደቻትና አንድ ነገር ነገረቻት። እህቴ ስትመለስ መሬቱ ላይ ትፍ አለች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ጭድሽን በትኚ።»

ወንዝ ዳር የተባለውን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አባቴ ከዘውድነሽ ጋር መኖር ከጀመረ ከርሟል። ቤቱ የተሠራው ለእሷ ነው። ለዘውድነሽ ደግሞ «ይታይሽን ፈትቻታለሁ፤ አሁን የምትመጣው በዋጋ ልትለስን ነው» ብሏታል። ዘውድነሽ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው፤ እኔ እሷን አልጠላትም። ሁለት ሴቶችን በሁለት ውሸት አንድ ጣራ ሥር አገናኝቶ፣ አንዷን አስለስኖ ሌላዋን ሊያኖር! የጥርባው ቤታችን የቆመበት መሬት የእሱ ርስት ነው። እናቴ ወላጆቿ የሞቱባት፣ ወንድም የሌላት ሴት ናት። ዳንግላው የዘውድነሽ ከሆነ፣ እሱ «ፈትቼሻለሁ» ባለ ቀን እናቴና እኛ የምንገባበት ጣራ የለም ማለት ነው። ይህን ነበር ያን ቀን በእንስራ አዝላ የመጣችው።

ግን አልጮኸችም። በማግስቱ ከወትሮው ይልቅ ጠንክራ ሠራች። ለዚህ ነው እኔ ምንም ያልገባኝ።

መጀመሪያ የተጣሉት በቀለም ነው። ዘውድነሽ ግድግዳው ሰማያዊ እንዲሆን ፈለገች።

«እትዬ ይታይሽ፣ አፈር በአፈር ላይ ምን ያደርጋል? ይሄ ከተማ ነው እኮ። የባለሱቁን ቤት አላዩትም? ቁርጥ ሰማይ! ቀቢውም እዚሁ አለ።»

«ሰማይ ውጭ አለልሽ» አለች እናቴ ቀና ሳትል።

«ክንዴ፣ ንገራት እንጂ!»

አባቴ በሩ ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል። «ይታይሽ፣ ሰማያዊም እኮ አይከፋም።»

እናቴ ተነሣች። ጭቃው ከእጇ ይንጠባጠባል። «ቀቢ በዚህ በር ከገባ እኔ ዛሬውኑ ጥርባ ነኝ። ግድግዳዎን ራቁቱን ትቼልዎ ነው የምሄድ።»

አባቴ ሳቀ። ቀቢው ዋጋ ይፈልጋል፤ እናቴ አትፈልግም። «ተዪያት እባክሽ፤ የራሷን ሥራ እሷ ታውቃለች» አለ።

እኔ ሰማያዊውን ፈልጌ ነበር። እናቴ የከተማ ነገር ስለማታውቅ ነው፣ ግትር ናት ብዬ አኮረፍኩ። ያን ቀን እራት አልበላም ብዬ፣ ኋላ ርቦኝ በላሁ።

ሁለተኛው ጠብ በምግብ ነው። የልስኑ ጭቃ እስኪበስል መጠበቅ ነበረብን። በዚያ መሐል እናቴ ወርቅአየሁን ከጥርባ ገበያተኞች ጋር ፈረሱን አስይዛ ላከቻት። እህቴ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በሚቀጥለው ገበያ እግሯ አብጦ ተመለሰች፤ ፈረሱ ድንች፣ የገብስ ዱቄት፣ ብቅልና ጌሾ ተጭኗል። ለልስኑ ደቦ የሚሆነውን ጠላ እናቴ እታለማሁ ቤት ጠመቀችው። ዘውድነሽ ይህን ሁሉ አይታ ያዘነችላት ይመስለኛል።

«እትዬ፣ ለምን ይቸገራሉ? ለሴቶቹ የስንዴ ዳቦ እኔ እደፋለሁ። ጠላም አላጣም።»

የስንዴ ዳቦ ሲባል ምራቄን ዋጥኩ።

«አንቺ የባለቤቴ የአክስት ልጅ አይደለሽም?» አለች እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ቤት ጠባቂዬ ናት ብሎኛል። ቤት ጠባቂ ይጠብቃል፤ ደቦ የጠራ ያበላል። አንቺ አረፍ በይ የኔ እመቤት።»

ዘውድነሽ ወደ አባቴ ዞረች። «የምን የአክስት ልጅ?»

አባቴ የቆርቆሮውን ምስማር የሚቆጥር ይመስል ሽቅብ አንጋጠጠ። «ኧረ ተዉ እባካችሁ! ምግብ ምን ያጣላል? ይታይሽ ላብላ ካለች ታብላ!»

ያቺ ቃል ከአፉ ስትወጣ እናቴ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። እኔ የስንዴ ዳቦው ስለቀረ አለቀስኩ።

በደቦው ቀን ስድስት ሴቶች መጡ። እናቴ ራሷ ከበር በር ዞራ ነው የጠራቻቸው፤ ሁሉም አገውኛ የሚናገሩ ነበሩ። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው ጭቃውን በእግራቸው ረገጡት። የእበቱና የበሰለው ጭድ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ዘውድነሽ ወንበር አውጥታ ከሩቅ ታያለች።

«ይታይሽ፣ ያቺ ባለጫማዋ ለምን አትረግጥም?» አለች አንዷ በአገውኛ።

«ጫማዋ እንዳይቆሽሽ።»

«እኛስ እግራችንን ከመንገድ ነው ያገኘነው?»

ሳቁ። እያንዳንዷ አንድ አንድ የግድግዳ ወገን ያዘች። ልስን እንደ አካሄድ ነው፤ ሁሉም የራሷ አላት። የአንዷ መዳፍ ግማሽ ጨረቃ እየሠራ ይሄዳል፤ የሌላዋ ቀጥ ብሎ እንደ ትልም ይወርዳል። እታለማሁ ግራኝ ስለነበረች የእሷ ወገን ከሌሎቹ ሁሉ ተቃራኒ ያጋደለ ነበር።

ምሳ ሲደርስ እናቴ ለሁሉም በእጇ አቀረበች። ጎረቤቱ አጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ ያያል። ድንቹ ከነልጣጩ ይጨሳል፤ አዋዜው ጣት ያስልሳል። ጠላው አንድ ዙር እንደዞረ እናቴ መሐል ቆመችና በአገውኛ ጮኸች።

«ማን ጠራችሁ?»

«ይታይሽ!» አሉ ሴቶቹ።

«ማን አበላችሁ?»

«ይታይሽ!»

«ለማን ለሰናችሁ?»

«ለይታይሽ!»

አዲስ ጨዋታ መስሎኝ ከሁሉም አብልጬ ጮኽኩ። አባቴ እናቴን እያሞገሷት መስሎት ውጭ ቆሞ ያጨበጭባል።

ልስኑ ሲደርቅ ቀለሙን እናቴ ብቻዋን አለበሰችው። ዳማውን ከታች፣ ቡላውን ከላይ፣ አመዱን በመካከል። ግድግዳው ላይ የሴቶቹ መዳፍ ከቀለሙ ሥር ይታያል፤ ብርሃን ከጎን ሲመታው እንደ ውኃ ሞገድ ይሆናል። ዘውድነሽ ገብታ ዝም ብላ ቆመች። በጣቷ ጫፍ ነካችውና «ያምራል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ልጄ በቅርቡ ባሕር ዳር ቤቷን አሳምራ ጠራችኝ። ቡናማ ሶፋ ገዝታለች፤ መጋረጃው የገለባ መልክ አለው፤ ግድግዳው የደረቀ ሸክላ ይመስላል። «እማ፣ አሁን ፋሽኑ ይሄ ነው። የመሬት ቀለም ነው የሚሉት» አለችኝ። ዙሪያውን አየሁ። ዳማና ቡላ ነው። ባሏ ለሥራ ወጥቶ ነበርና ቀስ ብዬ «ቤቱ በማን ስም ነው?» አልኳት። «ውይ እማ! ሶፋው አያምርም ወይ ስልሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ያምራል አልኳት። ጥያቄዬን ግን አልተውኩላትም፤ እስክትመልስልኝ ድረስ ደጋግሜ ጠየቅኋት።

ወደ እናቴ ሶፋ ልመለስ። ደጉ የሚባል የእንጅባራ የቀርከሃ ሠራተኛ ለአባቴ የሠራው የሶፋ አጥንት በጭነት መኪና መጣ፤ ክንድና ጀርባ አለው፣ ሆድ የለውም። እናቴ ለኮርቻ መደላድል እንደምታደርገው አደረገችው። ከታች ጭድ ጠቀጠቀች፤ ከላይ የተነደፈውን የበግ ጠጉር ደራረበች፤ ጆንያ አልብሳ በጆንያ መርፌ ጥርቅም አድርጋ ሰፋችው። መልክ እንዲኖረው ደግሞ ባናዋን አወጣች። እናቷ ሳትሞት ለሰርጓ ያሠራችላት ነው፤ ቀለም ያልነካው፣ እንደ በጎቹ ቡናማና ነጭ የሆነ ወፍራም የጠጉር ልብስ። መቀሱን ስታሳርፍበት ወርቅአየሁ ፊቷን አዞረች። ለምን እንደቆረጠችው አልነገረችኝም። እዚያ ቤት ውስጥ የእሷ እጅ ያላረፈበት አንድም ነገር እንዳይኖር ፈልጋ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የተቀመጠችበት ዘውድነሽ ናት። «ኧረ ዋጠኝ!» ብላ ሳቀች። እኔም ዘልዬ አጠገቧ ሰመጥኩ። የበግ ሽታ አለው፤ ይሞቃል።

«እምዬ፣ ነይ ተቀመጪ!»

«ጭቃ አለብኝ» አለች እናቴ። ታጥባ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ፈረሱን ጭኖ መጣ። «በይ፣ ጥርባ ከብቱ ብቻውን ነው። እነዚህን ይዘሽ ሂጂ።»

«የትም አልሄድም» አለች እናቴ።

«እንዴት?»

«ቤቴ ነው። ወዴት ልሂድ?»

አባቴ ልጓሙን ጣለው። «የዘውድነሽ ቤት ነው!» ሲል መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየ።

«እንግዲያስ ሽማግሌ ይምጣ» አለች እናቴ።

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ዋናው አባ ቢሻው ይባላሉ። ሌላ የሚበቃ መቀመጫ ስላልነበረ ሦስቱም ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። አባ ቢሻው ባናውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «የወገቤን ነገር አስረሳኝ እኮ ይሄ!» አሉ። ከዚያ አባቴ ተናገረ። ቤቱን የሠራው ለዘውድነሽ እንደሆነ፣ ይታይሽን ካሁን ወዲያ እንደማይፈልጋት፣ እሷም የመጣችው ለእርዳታ እንጂ በባለቤትነት እንዳልሆነ ተናገረ። እኔ በር ጥግ ቁጭ ብዬ ስለ እናቴ የሚያወራ አልመሰለኝም።

«አባ፣ እኔ ብዙ አልናገርም» አለች እናቴ። «ደቦውን ማን እንደጠራ፣ ማን እንዳበላ ይጠየቅልኝ።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «አንተም ነበርህ። ስታጨበጭብ ነበር።»

አንተ ስትለው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ስድስቱ ሴቶች ተጠሩ። እታለማሁ ቀደመች። «የጠራችን ይታይሽ፣ ያበላችን ይታይሽ። ‹ለማን ለሰናችሁ› ብላ ጠይቃን ሰፈሩ እየሰማ መልሰናል።» ወደ ግድግዳው ሄዳ ያጋደለው ልስን ላይ ግራ እጇን አስቀመጠች። «ይሄ የኔ ነው።» ሌሎቹም ሄደው መዳፋቸውን የየራሳቸው ወገን ላይ አሳረፉ።

ዘውድነሽ አላስቻላትም። «እኔም ላበላ ነበር እኮ! የስንዴ ዳቦ ልደፋ ስል ከለከለችኝ!»

አባ ቢሻው ዞረው አዩአት። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «ልጄ፣ ባለቤት ከገዛ ቤቱ እንዳያበላ ይከለከላል?»

«ክንዴ ነው ታብላ ያለ!»

«ክንዴ ነው?» አሉ አባ ቢሻው። ወደ አባቴ ሲዞሩ ሶፋው ሲጥ አለ።

በእኛ አገር ደቦ የሚያበላ ባለቤቱ ነው። እንግዳ አያበላም፤ ቅጥረኛም አያበላም። አባቴ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የሴቶች ድንች ነገር ይሆናል ብሎ አላሰበም። ወፍራሙ ሰማያዊ ቀለም ቢቀባበት ኖሮ ደግሞ የሴቶቹ እጅ ከሥሩ ይቀበር ነበር፤ ቀቢውም የአባቴ ምስክር ይሆን ነበር። ግትር ያልኳት እናቴ እምቢ ያለችው ለዚህ ነበር።

ቤቱ ለይታይሽ ተባለ። የጥርባው መሬት፣ ከብቱና ፈረሶቹ ለአባቴ። ወንድሜ «በጭቃ ወሰደችብን» የሚለው ይህንን ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ ስንት ዘመን ሚስቱ እንደነበረች፣ ስንት ልጅ ወልዳ ስንቱን እንደቀበረች አልጠየቀም። ሚስት ስለሆነች አልፈረዱላትም፤ ድንች ስላበላች ነው የፈረዱላት። ፈረሱ መንገድ ላይ ቢያነክስስ? እህቴ በዚያ እግሯ ባትደርስስ? ብልህ ናት እያሉ ሲያወሩላት እሰማለሁ። ብልህ መሆን ለምን አስፈለጋት? የገዛ ጣራዋን ለማግኘት ለምን መሸመቅ ነበረባት?

አባቴ ሶፋውን ጠየቀ። «አጥንቱን እኔ ነኝ ያሠራሁት» አለ። ሽማግሌዎቹ «ዕቃ ነው፤ ይውሰደው» አሉ። የእናቷን ባና ነው እንግዲህ አብረው የሰጡት።

«እኔ ዘውድነሽን ይዤ ጫግኒ ወገኖቿ ዘንድ እወርዳለሁ» አለ አባቴ ቀጥሎ። «ልጅ ግን እኩል ነው። ትልቋ ለኔ፣ ትንሿ ለእሷ።»

እናቴ ብድግ አለች። «ቤቱን ውሰድ። አሁኑኑ ውሰድ። ልጄን ተውልኝ።»

አባቴ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ዘውድነሽ ወደ እሱ ጠጋ አለች። ሊናገር አፉን ሲያላቅቅ ወርቅአየሁ ከኋላ መጣች።

«እኔ ከአባባ ጋር እሄዳለሁ።»

«ዝም በይ አንቺ!» አለች እናቴ።

«እሄዳለሁ። ጫግኒ ማንጎ አለ፣ ሸንኮራም አለ። እዚህ ምን አለ?»

«እንግዲህ ልጅቱ ራሷ ተናገረች» አሉ አባ ቢሻው። ሊነሱ ሞከሩ፣ ሶፋው መለሳቸው። ሁለት ሰዎች እጃቸውን ይዘው ጎትተው አወጧቸው፤ በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። እናቴ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር።

እህቴ በማንጎ የሸጠችን መሰለኝ። ለብዙ ዓመት ማንጎ በአፌ አልዞረም። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ልጅ አዝዬ ጫግኒ ልጠይቃት ሄጄ ነው የነገርኳት። ወርቅአየሁ ያኔ የአምስት ልጆች እናት ነበረች። አባቴ በወሰዳት በዓመቱ ነው የዳራት፤ በአሥራ ሦስት ዓመቷ።

«ማንጎ አምሮኝ የሄድኩ መሰለሽ?» አለችኝ። «ማንጎ እኮ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። እታለማሁ ናት ስለ ጫግኒ ያወራችልኝ። እምዬ ቤቱን ብትሰጠው እኮ ሁላችንም ሜዳ ላይ ነበርን። እኔ ጥርባም ብሆን፣ ዳንግላም ብሆን መዳሬ አይቀርም። አንቺ ገና ነበርሽ።» ይህን ያለችኝ የልጇን ጸጉር እየሠራች ነው፤ ቀናም አላለች።

አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። አንድም ሽማግሌ ይህን አልገመተም። ወንድሜም ድንኳን ውስጥ ሲያስቅ ስሟን አልጠራም።

የጭነት መኪናው የመጣው በጠዋት ነው። አባቴና ሹፌሩ ሶፋውን አንስተው ከጆንያዎቹ መሐል አስገቡት። እናቴ ለእህቴ የቀረውን ድንች በነጠላ ቋጥራ ሰጠቻት፤ መቀነቷን ፈታ እንደገና አጠበቀችላት፤ ፈታ እንደገና አጠበቀችላት። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። እኔ ተቆጥቼ ስለነበር ከቤት አልወጣሁም፤ በመስኮቱ ቀዳዳ አየሁ።

አባቴ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ ዘውድነሽ ከእሱ ጎን። ወርቅአየሁ ከኋላ፣ ከዕቃው ጋር ተጫነች። እናቴና እኔ ዳንግላ ቀረን።